ለገ ጉራቻ ላይ የተሳለው መንገድ

ባለፈው ቅዳሜ የጎሮ መገንጠያ ላይ ስንደርስ ስልኩ ዝም አለ። መኪናውን የሚነዳው የቀድሞ ተማሪዬ ግርማ ነበር። አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ ባለቤቱን የወንጪን ሐይቅ ላሳያት ብሎ መጥቶ እግረ መንገዱን እኔን ከአምቦ አንስቶኛል። ስልኩን ከመሪው አጠገብ ሰክቶታል። ከከተማ ከወጣን ጀምሮ በእንግሊዝኛ የምትናገረው ሴትዮ እንዲህ ሂዱ፣ እንዲያ ሂዱ እያለች ስታዘን ቆይታ፣ መገንጠያው ጋ ስንደርስ፣ እኔ የመቀመጫውን ጫፍ ጨብጬ ቃሏን ስጠብቅ፣ ምንም ሳትል አሳለፈችን። ለዓመታት እዚህ ቦታ ላይ "ወደ ግራ ታጠፍ" ነበር የምትለው። ያን ጊዜ ወደ ግራ መንገድ አልነበረም። ዛሬ መንገድ አለ፤ እሷ ግን ዝም ትላለች። "አቁም" አልኩት ግርማን። ደንግጦ ዳር ያዘ። "ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?" አለኝ። አላመመኝም። ነገሩን ከየት ጀምሬ እንደምነግረው ጠፍቶኝ ነው።

የሚጀምረው ከድር ሱቅ ውስጥ ነው። ከድር የስልጤ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ አምቦ መጥቶ ሱቅ የከፈተ፣ ኦሮምኛውን ከእኔ አሳምሮ የሚናገር ነጋዴ። ከፊት ጫማ ይሸጣል፤ ከኋላ፣ በመጋረጃ በተከለለች ጠባብ ክፍል፣ ኮምፒውተሮች ደርድሮ ኢንተርኔት ያስጠቅም ነበር። እስከ ዛሬ አዲስ የፕላስቲክ ጫማ ሲሸተኝ ያቺ ክፍል ትመጣብኛለች፤ የጫማው ሽታ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የጋለው አቧራ፣ የወጣቶቹ ሽቶ። ኢንተርኔት በደቂቃ ነበር የሚታሰበው፣ ያውም በሳንቲም። ማኪያቶ አሥር ብር ያልሞላበት ጊዜ ነው። ወንዶቹ ቁርጭምጭሚት የሚያንቅ ሱሪ ይለብሱ ነበር፤ ማታ እንዴት አድርገው እንደሚያወልቁት ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሴቶቹ ደግሞ ሻርፓቸውን አንገታቸው ላይ ሁለት ዙር ጠምጥመው፣ በዚያ በአምቦ ሙቀት ሲሄዱ አይቼ ለእነሱ እኔ ያልበኝ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭን ሱቅ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ ጠዋት በኦሮምኛ፣ ከሰዓት በአማርኛ ያስጮኸዋል። ዛሬ ከእነዚያ ዘፈኖች አንዱ ከባጃጅ ውስጥ ሲወጣ ብሰማ፣ ትዝ የሚለኝ ግጥሙ አይደለም። ጣቴ ማውሱን እንደያዘ ትዝ ይለኛል።

ትልቁ ኩባንያ፣ ስሙን አልጠራውም፣ ስልክ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል፣ በዚያ ዘመን በየወሩ አንድ አዲስ ነገር ይዞ ብቅ ይል ነበር። ወዳጅህን በክብ በክብ እየለየህ የምታስቀምጥበት መገናኛ አመጣ። ከድር ደንበኞቹን አንድ ክብ፣ ዘመዶቹን አንድ ክብ፣ ሰላም ሊላቸው የማይፈልጋቸውን ሌላ ክብ አድርጎ አደራጅቶ ሳይጨርስ፣ ኩባንያው መገናኛውን ዘጋው። ፎቶ የሚያሳምር ፕሮግራም ነበረው፤ ጎረቤታችን ፎቶ ቤት የአምቦን ሙሽሮች ሁሉ በእሱ ነበር የሚያቀላቸው። እሱም ቀረ። መጻጻፊያ አመጣ፣ ስሙን ቀየረው፣ በሌላ ተካው፣ ሌላውንም ተወው። ሌላ ትልቅ ኩባንያ ደግሞ ፊቱ ካሬ ካሬ የሆነ ስልክ ሠርቶ ነበር። ከድር አምሮት ከአዲስ አበባ አስጭኖ አመጣው። የሚያምር ስልክ ነው፤ ግን እንደሌሎቹ በቀላሉ ከጓደኛ ዘፈን አይቀበልም። አምቦ ውስጥ ዘፈን የማይቀባበል ስልክ ማን ይገዛል? ኩባንያው ስልኩን ሲተወው ከድርም ላይኛው መደርደሪያ ላይ ተወው። አሁንም እዚያው ነው፤ የቆዳ ጫማ እንዳይወድቅ ደግፎ ይዟል። "እነዚህ ሰዎች ድንኳን ይተክላሉ፣ እንግዳው ቁጭ ሲል ይነቅላሉ" ይላል ከድር፣ እስከ ዛሬ እንደተናደደ።

እኔን ግን የያዘኝ ካርታው ነው። ኩባንያው ማንም ሰው የአገሩን መንገድ፣ ወንዝና ትምህርት ቤት እየሳለ ካርታው ላይ የሚጨምርበት ነገር ከፍቶ ነበር። ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ፊትህ ይዘረጋል፤ አንተ ነጥብ በነጥብ እየነካህ መንገዱን ታስኬዳለህ፣ ስሙን ትጽፋለህ። የሳልከውን ሌላ እንዳንተ የሚስል ሰው አይቶ "ትክክል ነው" ካለ፣ ዓለም ሁሉ የሚያየው ካርታ ላይ ይወጣል። ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ነው። ዕድሜዬን ጂኦግራፊ ሳስተምር ነው የጨረስኩት። የአፍሪካን ካርታ በባለቀለም ጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል ኖሬ፣ ደወል ሲደወል የሒሳቡ መምህር ገብቶ በዳስተር ይጠርገዋል። ሰው የሚሄድበት ካርታ ስዬ አላውቅም ነበር። ስለዚህ የሁሉቃን ወንዝ ከነመታጠፊያዎቹ የሳልኩ ቀን፣ ከድር ሻይ አምጥቶልኝ ቀዝቅዞ ነው የጠጣሁት። በስም እንጨቃጨቅ ነበር። አገሩ ቦታን የሚጠራው በሰው ነው፤ የኦቦ እገሌ ወፍጮ፣ የእነ እገሊት ዋርካ። "ሰውየው ወፍጮውን ቢሸጠውስ?" እላለሁ እኔ። "ቢሸጠውም የእሱ ወፍጮ ነው የሚባለው" ይለኛል ከድር። ልክ ነበር፤ አሁንም እንዲያው ነው የሚባለው።

በዚያ ክፍል ሦስተኛዋ ሰው ሌሊሴ ነበረች። ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ነጭ ጋዋኗን በፌስታል ጠቅልላ፣ በሌላው እጇ ሽንኩርቷን ይዛ፣ ከጎኔ ትቀመጣለች። ሰላምታዋ ራሱ ሁለት ቋንቋ ነበር፤ "ነጋ ጅርታ ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሳሉ?" እኔ ወንዝና ተራራ ስስል እሷ መንደር ነው የምትስለው። አምቡላንስ የሚነዳ ሰው ከሌላ አገር ተዛውሮ ሲመጣ የት እንደሚታጠፍ አያውቅም፤ በስልክ "ዋርካው ጋ ስትደርስ" ሲሉት ዋርካው ብዙ ነው። ሌሊሴ እሱ የሚሄድበትን ካርታ ነበር የምትሠራው። እናቷ አዴ ቀበኔ የሚኖሩት ጎሮ ነው፣ ከወንጪ መንገድ በስተግራ ገባ ብሎ፣ እንሰት የከበባት መንደር። በመንደሯና በመኪናው መንገድ መካከል ለገ ጉራቻ የምትባል ወንዝ አለች። በበጋ ጫማህን አውልቀህ የምትሻገራት ናት። በክረምት ግን ሰው ትወስዳለች። የሌሊሴን ታላቅ እህት ምጥ ይዟት በቃሬዛ ሲያወርዷት፣ ወንዙ ሞልቶ ዳር ላይ ውሃው እስኪጎድል ጠበቁ። "እህቴ ተርፋለች" አለችኝ ሌሊሴ አንድ ቀን፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ። "ልጁ አልተረፈም። ስም እንኳ አላወጡለትም።" ሻዩን ወደ እሷ ገፋ አደረግሁላት።

አንድ ሰሞን የመንገድ ሥራ ሰዎች ጎሮ ሄደው ሕዝብ ሰበሰቡ። በዚህ በጀት ዓመት መንገድ ይገባላችኋል፣ ለገ ጉራቻ ላይ ድልድይ ይሠራል አሉ። አናታቸው ቀይ የተቀባ ችካሎችም ተከሉ። መንደሩ በግ አረደ። በማግሥቱ ቅዳሜ ሌሊሴ ሽንኩርቷን ሳታስቀምጥ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ አለች። ከመገንጠያው ተነስታ፣ ለገ ጉራቻን ተሻግራ፣ በጎሮ አልፋ፣ ወደ ሐይቁ ከሚወስደው መንገድ ጋር መልሶ የሚገጥም መንገድ ሳለች። ወንዙ ላይ ድልድይ አደረገችበት። እኔ እንዳጸድቅላት ወንበሯን ወደ ጎን ሳበች።

"ሌሊሴ፣ ይሄ መንገድ የለም እኮ" አልኳት።

"ችካል ተተክሏል ጋሼ።"

"ችካል መንገድ አይደለም። ካርታ የሚያሳየው ያለውን ነው።"

"ያለውን ብቻ ከሆነማ እኛ መቼ ነው ካርታ ላይ የምንወጣው?" አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ካራን ኒ ዱፋ፣ ጋሼ። መንገዱ ይመጣል። እዚህ ላይ ተስሎ ካዩት ደግሞ ያፍራሉ፣ ቶሎ ይመጣል።"

አላጸድቅም አልኩ። ያለውን ሳይሆን የሚፈልገውን ለሚስል ተማሪ ስንቴ ዜሮ ሰጥቻለሁ። ከድር በመጋረጃው ራሱን አስገብቶ ሲሰማን ቆይቶ፣ አንድ እጁ ላይ የሕፃን ጫማ እንደያዘ ሌላኛው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠና በራሱ ስም ገብቶ "ትክክል ነው" የሚለውን ነካው። "እኔ ነጋዴ ነኝ፤ መንገድ አልጠላም" አለ። ሁለቱንም ተቆጣኋቸው፣ ከሱቁ ወጣሁ፣ ጃንጥላዬን ረስቼ ተመለስኩ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፤ እስከ መስከረም ይቆይ፤ መስከረም ጠብቶ ዶዘር ካልገባ ይጠፋል። "ራሴ አጠፋዋለሁ" አለች ሌሊሴ፣ ገበያዋን ሰብስባ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ እኔም እዚህ አልዘረዝረውም። አስፋልቱ በድንጋይ የሚዘጋበት፣ ሱቅ ከሰዓት በፊት የሚከረቸምበት፣ ኢንተርኔት ሳይሰናበት የሚጠፋበት ጊዜ መጣ። ከድር ኮምፒውተሮቹን በጨርቅ ሸፍኖ ጫማውን ብቻ ይሸጥ ጀመር። መስከረም መጣ፣ ዶዘር አልገባም፣ ኢንተርኔቱም የለም። የጎሮ በሬዎች ችካሎቹን ማሳከኪያ አደረጓቸው። ብዙ ቆይቶ ኢንተርኔቱ ሲመለስ ከድር ሰው ላከብኝ። በጓሮ ጫማዬ ሮጬ ሄድኩ። የካርታው ገጽ ተከፈተ፤ አናቱ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። ስላገለገላችሁን እናመሰግናለን፣ ይህ ሥራ ተቋርጧል ይላል። የምንስልበት እርሳስ ድሮ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። መንገዱ ግን አለ። ከመገንጠያው ተነስቶ፣ ነጭ ሆኖ፣ ለገ ጉራቻን ዘሎ፣ ያማረ መንገድ። ኩባንያው ሰውን ሰብስቦ አገሩን እንዲስል አድርጎ፣ ሲበቃው እርሳሱን ነጥቆ ሄደ፤ የተሳሳተውን የሚያርም እጅ አላስቀረም። ያን ቀን የተሰማኝ ንዴት እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለ። ሌሊሴ በዚያው ዓመት ተድራ ነቀምት ገባች። ልትሰናበተኝ ስትመጣ፣ "ጋሼ፣ መንገዴን አደራ" አለችኝ። የቱን መንገድ ብዬ ልጠይቃት ነበር፤ ባለቤቷ ቆሞ ስለሚጠብቃት ተውኩት።

የባሰው ስልኮች መናገር ሲጀምሩ መጣ። ድሮ ወንጪ የሚሄድ ሰው መስኮት ዝቅ አድርጎ ይጠይቅ ነበር፤ አሁን ስልኩን ሰክቶ ዝም ብሎ ይነዳል። በጎሮ በኩል ደግሞ አጭር ስለሆነ ስልኩ በዚያ ይመራዋል። የመጀመሪያውን መኪና ወሬ ያመጣው ከድር ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ለገ ጉራቻ ውስጥ እስከ በራቸው ገብተው፣ ወንዙ ዳር የሚኖሩት ገበሬ ኦቦ ቶላሳ በሬዎቻቸውን ጠምደው አወጧቸው አለኝ እየሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ዝናብ ቆርቆሮዬን ሲመታ እንቅልፍ የለኝም። ልጆች የጫነ መኪና በሐምሌ ቢመጣስ? ነጂው ስልኩን አምኖ፣ ድልድይ አለ ብሎ ቢገባስ? ባለቤቴ "ያልሳልከው መንገድ ምን አገባህ" ትለኛለች። እኔ ግን ሲሳል አይቻለሁ። የማውቀው እኔ ነኝ። ሳንቃ ገዝቼ፣ በቀይ ቀለም በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ "መንገድ የለም" ብዬ ጽፌ፣ ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ሄጄ መገንጠያው ላይ ተከልኩት። ተመልሼ ስሄድ የለም። ፈልጌ ፈልጌ ኦቦ ቶላሳ ደጅ አገኘሁት፤ በሁለት ጉማጅ ግንድ ላይ አጋድመው፣ እሳቸው ራሳቸው ቁጭ ብለውበታል።

"ኦቦ ቶላሳ፣ ይሄ እኮ ምልክት ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ ባርሲሳ" አሉኝ። መምህር ማለታቸው ነው፤ ሌላ ስም አልሰጡኝም። "ልጄ አነበበልኝ። ሰው ወደ ደጄ ሲመጣ 'የለም' ብዬ ልለጥፍበት? ነውር ነው። ተቀመጥ፣ ጥሩ እንጨት ነው።"

ቁጭ አልኩ፤ ምን አደርጋለሁ። ቆጮ በአይብ አቀረቡልኝ። ከጭቃ ያወጧቸውን እንግዶች ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያስተናግዷቸው። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ቬሏን ወገቧ ላይ አስራ ወንዙን የተሻገረች ሙሽራ፣ የመኪናው መሪ ላይ ያለቀሰ ትልቅ ሰው፣ ፎቶ አንስተው የላኩላቸው ፈረንጆች፤ ሁሉንም በየመልካቸው ይተርካሉ። ለእሳቸው መንገዱ ስህተት አይደለም። እንግዳ የሚመጣበት ነው። እኔ ግን ዓይኔን ከወንዙ ሳላነሳ በላሁ። ስልክ ላይ ስህተት የሚጠቆምበት ቦታ መኖሩን ከዚያ በኋላ ግርማ ነው፣ ለምን እንደፈለግሁት ሳይጠይቅ፣ ያሳየኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሌሊሴ ትመጣበት በነበረው ሰዓት፣ ከድር ሱቅ ተቀምጬ "ይህ መንገድ የለም" የሚለውን እነካለሁ። ወዲያው "እናመሰግናለን፣ እያየነው ነው" የሚል ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ጭጭ። ክረምት መጥቶ ሄደ፣ ሌላ ክረምት መጣ። ከድር የኢንተርኔት ክፍሏን አፍርሶ ጫማ ሞላበት፤ ሰው ሁሉ ኢንተርኔቱን ኪሱ ይዞ ይዞራል። ማኪያቶውም ዋጋው ሲጠራ የሚያስደነግጥ ሆነ። እኔ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጬ እነካለሁ።

ለውጡን ያመጡት በሬዎቹ ናቸው ማለት ይቻላል። የኦቦ ቶላሳ በሬዎች መኪና መጎተት ሰለቻቸው፤ አንዱ አነከሰ። ሽማግሌው ደቦ ጠሩ። እንደ አጨዳ፣ እንደ ቤት ሥራ፣ ጎሮ በሙሉ ወጣ። ድንጋይ እየተቀባበሉ የወንዙን ወለል ከዳር እስከ ዳር አነጠፉት፤ ውሃው በላዩ ይሄዳል፣ ጎማ ግን አይሰምጥም። የዳርና ዳሩን አፋፍ በዶማ ዝቅ አደረጉት። እኛ ከተማ ውስጥ መንገድ ለመዝጋት የተሸከምነውን ድንጋይ እያሰብኩ፣ ሄጄ ሳየው ቆሜ ቀረሁ። ድልድይ አይደለም። ካርታው ግን ከበፊቱ ያነሰ ይዋሽ ነበር። ከዚያ ስልክ ያሳሳተው መኪና ሁሉ እያለፈ ጠቀጠቀው፤ የእግር መንገዱ ሰፋ፣ ሁለት የጎማ መስመር አወጣ፣ ሣሩ በመሃል ቀረ። በሐምሌ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ሳምንት፣ የኦቦ ቶላሳ ምራት ምጥ ያዛት። ጤና ጣቢያ ተደወለ። ቃሬዛ እያዘጋጁ ሳለ አምቡላንሱ ደጃቸው ድረስ መጣ። ነጂው ከሌላ ዞን የተዛወረ አዲስ ሰው ነው፤ ስልኩ ወደ ግራ ታጠፍ አለው፣ ታጠፈ። መንገድ አለመኖሩን ስለማያውቅ መጣ። ድሮ የማውቃቸው የአምቦ ሾፌሮች ቢሆኑ መገንጠያው ላይ ቆመው ነበር የሚጠብቁት።

ወሬው ሲደርሰኝ ከከድር ሱቅ ነቀምት ደወልኩ። ሌሊሴ እስክጨርስ ሰማችኝ። "ልጁስ?" አለች። "ሴት ናት። ደህና ናት፤ እናቷም ደህና ናት" አልኳት። ከዚያ ስልኩ ውስጥ የሰማሁት ልቅሶ ነው፤ ለማን እንደምታለቅስ አውቄአለሁ። እኔም አለቀስኩ፣ ከድርም ወደ ጫማው ዞረ። ያን ቅዳሜ መንካቴን ተውኩ። ዝናብ ቢመጣ ባይመጣ ግድ የለኝም ብዬ ተኛሁ። ያረፍኩት ግን ለአጭር ጊዜ ነው። አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸች። ከኩባንያው ነው። ስለጥቆማዎ እናመሰግናለን፣ ይህን መንገድ ከካርታው ላይ አንስተነዋል ይላል። ስንት ዓመት ሙሉ ሲለመን የከረመው ኩባንያ፣ መንገዱ እውነት በሆነ ማግሥት ሰማኝ። ከድር ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔ ብቻዬን ወደ ቤት ሄድኩ። ወዲያው "እዚህ መንገድ አለ" ብዬ ጻፍኩላቸው። ማረጋገጥ አልቻልንም አሉኝ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ደግመው አልቻልንም አሉኝ። ለሌሊሴ ስነግራት ረጅም ትንፋሽ አወጣችና "እንግዲህ ዘንድሮ እርስዎ ይሳሉት፣ ጋሼ" አለች። "እርሳሱን ወሰዱት እኮ ልጄ" አልኳት።

ለግርማ ይሄን ሁሉ አልነገርኩትም። "ወደ ግራ ታጠፍ" ብቻ አልኩት።

ስልኩ ላይ ካርታውን አየ፣ አሰፋው፣ አጠበበው። "ጋሼ፣ እዚህ መንገድ የለም እኮ።"

"አለ።"

ለአስተማሪው ነው እንጂ ለሌላ ሰው አይታጠፍም ነበር። ታጠፈ። ከመገንጠያው ወርደን ወንዙ ዳር ስንደርስ ባለቤቱ የበሩን እጀታ ያዘች፤ ውሃው ጎማው ላይ ተንሸራተተ፣ ድንጋዩ ከስር ጎረበጠን፣ ወጣን። ኦቦ ቶላሳ እዚያው ሳንቃቸው ላይ ተቀምጠዋል። በጣም አርጅተዋል። አምቡላንሱ የደረሰላት የልጅ ልጃቸው ከኋላቸው ትድሃለች። የጎማ መስመሮቹ ውስጥ ሣር መብቀል ጀምሯል፤ እኔም እሳቸውም እሱን ነው የምናየው።

"ባርሲሳ" አሉኝ ሰላምታውን እንደጨረስን፣ "ኬሱማን ኤሳ በዴ? እንግዶቼ የት ጠፉ? ሙዚቃ የከፈተ መኪና እንኳ ከመጣ ቆየ። ያቺ የትናንቷ ደግሞ አድጋ ስትወልድ..." እጃቸውን ወደ ልጅቷ ዘረጉ። "አምቡላንሱ በየት ይመጣል?"

ከካርታው ላይ ጠፍተናል አልኳቸው። ማን እንዳጠፋንም ነገርኳቸው። ከዚያ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ፣ ሳንቃውን ከጉማጁ ላይ አነሱት፣ አገላብጠው ያልተጻፈበትን ጎን አሳዩኝ። ለዓመታት ሲቀመጡበት ለስልሷል፤ የእኔ የድሮ ጽሑፍ ከስሩ በእርጥበት ለቅቋል።

"መቀመጫዎስ?" አልኳቸው።

"እንግዳ ካልመጣ መቀመጫ ምን ያደርግልኛል" አሉኝ።

ቀለም አልነበረንም። የግርማ ባለቤት ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለም አውጥታ ሰጠችኝ፤ ውሃ አያስለቅቀውም አለች። መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ በዚያች ሚጢጢ ብሩሽ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ከስሩ በአማርኛ "መንገድ አለ" ብዬ ጻፍኩ። ለእንግሊዝኛው ቀለሙ አልበቃም። ኦቦ ቶላሳ ሳንቃውን ራሳቸው ተሸከሙት፤ መኪና ላይ እንጫነው ብንላቸው እምቢ አሉ፤ እስከ መገንጠያው በሠሩት መንገድ ፊት ፊታችን ሄዱ። ድሮ በተከልኩበት ጉድጓድ ተከልነው። ከወንጪ በኩል ደመና ይመጣ ነበር። የግርማ ባለቤት ስለ ጥፍር ቀለሙ ያለችው እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ዝናብ ቆርቆሮዬን ሲመታ እሱን እያሰብኩ ነው የማነጋው።